አራት ቆጥረሽ ግቢ

ያቺን ልጅ ባለፈው ሳምንት ትተናት ስንሄድ ብዕር በእጇ ነበር። ጡረታ የወጡት ዳኛ አባቷ ቃል በቃል አስጻፏት፣ ጻፈች፣ ከታች ፈረመች። ከክላሪኔት ተጫዋቹ ጋር የተደረገው ቀረጻ ሙሉ በሙሉ እንዲጠፋ፣ ሥራው ከሌላ ተጫዋች ጋር እንደ አዲስ እንዲቀረጽ። ሁለት መስመር። ፊርማዋ እንደዚያ ቀን አምሮ አያውቅም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ወር አልፏል። ዛሬ ቼሎዋን፣ ቁመቷን የሚያክለውን ባለ ክር መሣሪያ፣ በጀርባዋ አዝላ የስቱዲዮውን ደረጃ የምትወጣው ያለቀውን ሥራ ሰምታ "ይሁን" ለማለት ነው።

ስቱዲዮው ከጎማ መሸጫ በላይ ያለ አንድ ክፍል ነው። ግድግዳው ወፍራም ብርድ ልብስ ለብሷል፤ መስኮቱ በስፖንጅ ተደፍኗል። ከታች ጎማ ሲነፋ ግን አሁንም ይሰማል፤ ስለዚህ ቀረጻ የሚደረገው ጎማ ነፊው ምሳ ሲወጣ ነው። የስቱዲዮውን ባለቤት ሰው ሁሉ "ጆሮ" ይለዋል። እውነተኛ ስሙን የሚያውቅ ቢኖር ሚስቱ ናት፤ እሷም ጆሮ ነው የምትለው።

"ነይ ግቢ የኔ ልጅ" አላት። "ቼሎዋን ደግሞ ለምን ተሸከምሻት? ዛሬ እኮ መስማት ብቻ ነው።"

"ከዚህ ወደ ልምምድ ነኝ፣ ጋሽ ጆሮ።"

"ጀርባሽ ይጎብጣል። እሷን ከምታዝዪ ልጅ ብታዝዪ..." ፊቷን አየና የቀረውን ዋጠው።

ተቀመጠች። ጆሮ ቁልፉን ተጫነ። አዲሱ ክላሪኔት ተጫዋች የሙዚቃ ትምህርት ቤት መምህር ነው፤ አባቷ የሚያውቁት ሰው የሚያውቀው ሰው። አንድም ስህተት አልነበረበትም። ድምፁ እንደታጠበ ብርጭቆ ነበር፤ እንደታጠበ ባዶ ብርጭቆ። ሁለተኛው ክፍል ደረሰ። መሐል ላይ ያለው ዝምታ መጣ። እሷ ወንበሩ ላይ ሆና ሳታስበው ትከሻዋን ከፍ አደረገች፤ አንድ ነገር ጠበቀች። የጠበቀችው አልመጣም። ሙዚቃው ቀጠለ።

ሁለት መሣሪያ ብቻ ባለበት ሙዚቃ መሪ የሚባል ሰው የለም። አንዱ ለሌላው ምልክት መስጠት አለበት። የእሷና የመጀመሪያው ሰው ምልክት ትንፋሽ ነበር። በዚያ ዝምታ ውስጥ አራት ምት ያህል ሁለቱም ይቆማሉ፤ ከዚያ እኩል መውጣት አለባቸው። እሱ በአፍንጫው አየሩን በኃይል ይስባል፤ እሷ በዚያ ትንፋሽ የቼሎውን መምቻ ደጋኗን ታነሳለች። ቆጥራ አታውቅም። ለምን ትቁጠር?

ያን የመጀመሪያውን ሰው አስር አለቃ ይሉታል። አሥራ ሁለት ዓመት በፖሊስ ማርሽ ባንድ ውስጥ ፀሐይ ላይ ቆሞ ነፍቷል፤ ሹም ሲመጣ፣ ሹም ሲሸኝ፣ ሹም ሲቀበር። በእሷ ቤት "አስር አለቃው" ሲባል ከንፈር ጠመም ይላል። እሷ "አስር አለቃዬ" ትለዋለች፤ እሱ ደግሞ በአባቷ ሥራ "ዳኛዬ" ይላታል። ከዚህ ዓለም የሚፈልገው አንድ ነገር ነበር።

"አሥራ ሁለት ዓመት ነፋሁ፣ ሁሉም አየር ላይ ቀረ" ይላት ነበር። "አንድ እንኳ እኔ ያለሁበት ቅጂ ይኑር። ከዚያ በኋላ መኪና ቢገጨኝ ግድ የለኝም።"

"መኪናውስ ምን በደለ?" ትለዋለች።

ስልክ አያበዙም ነበር። ስልኳ በጮኸ ቁጥር አባቷ የሚያዩዋት አስተያየት አለ። ይልቅ ልምምድ ሲያበቃ የኖታ ወረቀታቸውን ይለዋወጣሉ። እሷ የእሱን፣ እሱ የእሷን ይዞ ይሄዳል፤ በነጋታው በእርሳስ ተጽፎበት ይመለሳል። "እዚህ ላይ ዝቅ በል፣ ሹም አልመጣም" ብላ ትጽፍለታለች። እሱ ደግሞ በሁለተኛው ክፍል የመጨረሻ መስመር ላይ፣ ሁልጊዜ በምትፈጥንበት ቦታ፣ "እዚህ ጋ አትሩጪ፣ ማንም አላባረረሽም" ብሎ ጻፈላት። ሌላ ቀን፣ ከገጹ ጥግ፣ "ይህን ስትጫወቺ ግንባርሽ ላይ አንዲት መስመር ትወጣለች፤ እሷን እንዳታጠፊያት።" የፍቅር ደብዳቤ የሚባል ሌላ አልነበራቸውም።

ታዲያ አንድ ነገር አሰበች። ዓይኗ ወረቀት ላይ ከዋለ እሱን አያየውም። ስለዚህ ሥራውን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በቃሏ አጠናችው፤ ሁለት ወር ፈጀባት። አልነገረችውም። የቀረጻው ቀን ልታስገርመው ነበር። ያን ጠዋት የመለሰላትን ወረቀቷን እንደ ወትሮው ፊቷ ባለው ማስቀመጫ ላይ ዘረጋችው፤ ለወጉ ያህል። ከዚያ ዓይኗን ከእሱ ላይ ሳትነቅል መጫወት ጀመረች።

ያን ቀን ሆኖ ያለፈውን ያለፈው ሳምንት አንባቢ ያስታውሰዋል፤ ላልነበረ ሰው ግን ባጭሩ እነሆ። ሌላው ሁሉ ባማረ ሁኔታ ተቀረጸ። ያቺ ዝምታ ስትመጣ ግን ትንፋሹ ቀረ። አስር አለቃ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዙሮ እንደ ድንጋይ ቆመ። የእሷ ደጋን አየር ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ፤ ክላሪኔቱ ብቻውን ገባ። ደገሙት። ያው። ለሦስተኛ ጊዜ ደገሙት። ያው። ከዚያ በፊት በነበረው እሑድ አባቷ በር ላይ አስቁመውት "ልጄን ከወደድካት ከቦታዋ አታውርዳት" ብለውት ነበር። በቃ፣ ሰምቷቸዋል ማለት ነው፣ አለች በልቧ። ሊያየኝም አልፈለገ።

"ከእኔ ጋር መተንፈስም አስጠላህ?" አለችው።

ፊቱ ነጣ። "ወረቀትሽን አላየሽም?" አላት፣ ዝግ ብሎ።

ወረቀቷን። ሁለት ወር ለእሱ ብላ ያጠናችውን። የማርሽ ባንድ ነፊ እሷን ኖታ እዪ ሊላት። ወረቀቱን አጣጥፋ የቼሎዋ ሳጥን ኪስ ውስጥ ወረወረችው፤ ወጣች። በማግስቱ ፈረመች።

"እንዴት አገኘሽው?" አለ ጆሮ። ሙዚቃው አልቋል።

"ጥሩ ነው።"

"ጥሩ ነው። ሰውዬው ሲተነፍስ እንኳ አይሰማም። ያኛው ነው ያስለፋኝ፤ እያንዳንዷን ትንፋሽ ለቅሜ ቆርጬ ነበር።"

"ጠፍቷል አይደል?"

"በጽሑፍ አዘዝሽኝ፣ አጠፋሁ። እኔ ከዳኛ ቤት ከመጣ ወረቀት ጋር አልከራከርም።" መነጽሩን አውልቆ በሸሚዙ ጫፍ ጠረገው። "ሙዚቃውን ማለቴ ነው። ስለ ትርፍራፊው ግን ማንም ያለኝ የለም።"

"የምን ትርፍራፊ?"

"የቆረጥኩትን አልጥልም። ሳል፣ ትንፋሽ፣ የወንበር ሲጢጥታ። ሚስቴ ቆሻሻ ሰብሳቢ ነው የምትለኝ።" የጆሮ ማዳመጫውን አቀበላት። "ካልፈለግሽ እሱንም አጠፋዋለሁ። ግን ሰምተሽ እዘዢኝ።"

ሰማች። መጀመሪያ ምን እንደሆነ አልገባትም። ትንፋሽ፤ ቀጥሎ ትንፋሽ፤ ቀጥሎ ሌላ ትንፋሽ። አንድም የክላሪኔት ድምፅ የለበትም። አልፎ አልፎ ብቻ ከሥሩ የራሷ ቼሎ ድምፅ ጭራ ይሰማል፤ ወዲያው ይቆረጣል። ከአምስተኛው ጀምሮ ግን እያንዳንዱን አወቀችው። ይህ ከመጀመሪያው ክፍል መክፈቻ ነው። ይህ ሁልጊዜ ፈገግ ካለች በኋላ የሚስበው ነው። የመጀመሪያዎቹ ረጃጅምና ጥልቅ ነበሩ። ወደ መጨረሻው አጠሩ፤ ከታቻቸውም ቀጭን የሚያፏጭ ነገር ነበር። ሦስት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጣ ያንን ድምፅ እንዴት አልሰማችውም?

ከዚያ የሳጥን መዝጊያ ቀጭ ሲል ተሰማ። የራሷ እርምጃ። በር። ዝምታ።

ከዚያ ሳል መጣ። ማለቂያ ያለው አይመስልም ነበር። መሐል ላይ የጆሮ ድምፅ "ውሃ ላምጣልህ?" አለ። ሳሉ ሲያባራ አስር አለቃ ተናገረ፤ ማይክሮፎኑ ጥርት አድርጎ ይዞታል።

"ይሄን ቁረጠው። እሷ እንዳትሰማ።"

"ለምን አትነግራትም?"

"ጽፌላታለሁ። ታውቃለች።" ክላሪኔቱን ሲፈታ ተሰማ። "እያወቀች ነው እንዲህ ያለችኝ።"

ማዳመጫውን አወለቀች። "ምንድን ነው የጻፈልኝ?"

"እኔ ምን አውቃለሁ? እኔ የምሰማ ነኝ።"

"ለምን አልነገሩኝም፣ ጋሽ ጆሮ?"

"እንዳትሰማ አለኛ። ቀጥሎ አንቺ አጥፋው ብለሽ ላክሽ። አውቀሽ የጨከንሽ መሰለኝ" አላት። "እውነቱን ልንገርሽ፣ ጠልቼሽ ነበር።"

ትርፍራፊውን በስልኳ ጫነላት። ልምምዱን ረሳችው።

ቤት ስትደርስ አባቷ ሳሎን ጋዜጣ እያነበቡ ነበር። ቼሎዋን ከጀርባዋ ሳታወርድ ፊታቸው ቆመች።

"አባባ፣ ደብዳቤ መጥቶልኝ ነበር?"

"ከማን?"

"ያውቁታል ከማን እንደሆነ።"

ጋዜጣውን አጠፉት። "ስሚ። ያንን ሰው አልወደድኩትም። ነገር ግን ሠላሳ አራት ዓመት ስፈርድ የሰው ወረቀት ደብቄ አላውቅም፤ በልጄ አልጀምርም።"

እውነታቸውን ነው። ዓይናቸውን ስታይ አወቀች። ታዲያ የት ነው የጻፈላት? በምን ላይ? እነሱ ከኖታቸው በቀር በምን ተጻጽፈው ያውቃሉ?

ቼሎዋን ምንጣፉ ላይ አጋደመችው። የሳጥኑን ኪስ ከፈተች። ወረቀቱ ያን ቀን እንደጣለችው ታጥፎ ነበር። አዲሱ ቀረጻ ላይም በቃሏ ስለተጫወተች ከዚያ ቀን ወዲህ አልነካችውም። ሁለተኛውን ክፍል ገለጠች። ዝምታው ካለበት መስመር ጎን፣ ከላይ እስከ ታች፣ ጥቃቅን የእርሳስ ጽሑፍ ነበር።

"ዳኛዬ፣ እዚህ ላይ አልተነፍስልሽም። በኃይል ከሳብኩ ሳል ይይዘኛል፣ ቀረጻው ይበላሻል። ስለ ሳንባዬ ሐኪሙ የነገረኝ ነገር አለ፤ ዛሬ ስንጨርስ ሁሉንም እነግርሻለሁ። ፊቴን ወደ ግድግዳ የማዞረው አፍኜ ስይዘው እንዳታዪኝ ነው፤ አትቀየሚኝ። አራት ቆጥረሽ ግቢ። አትጠብቂኝ፣ እደርስብሻለሁ።"

ምን ያህል ጊዜ ምንጣፉ ላይ እንደተቀመጠች አታውቅም። አባቷ ከወንበራቸው ተነስተው፣ ጉልበታቸውን ይዘው አጎንብሰው ወረቀቱን ከእጇ ወሰዱ። መነጽራቸውን አስተካክለው አነበቡት። እንደገና አነበቡት።

"በጽሑፍ ነበር፣ አባባ" አለች።

"ሰውየውን ሳንሰማው ነው የፈረድንበት" አሉ። ድምፃቸው አርጅቶ ነበር። "ጥፋቱ የኔ ነው። ቃሉን ያስጻፍኩሽ እኔ ነኝ።"

"የፈረምኩት እኔ ነኝ። ይህን እንኳ አይሻሙኝ።"

የአስር አለቃ ታላቅ እህት ልብስ ሰፊ ናት። የምትሠራበትና የምትኖርበት ክፍል አንድ ነው፤ ከመጋረጃው ወዲህ የስፌት መኪናዋና የደንበኛ ልብስ፣ ከመጋረጃው ወዲያ እሱ የተኛበት አልጋ። የዳኛው ልጅ ቼሎዋን እንዳዘለች በሩ ላይ ስትቆም እህትየው እግሯን ከመርገጫው ላይ አላነሳችም።

"መጣሽ?" አለች። "እኔ እንኳ ለቀብሩ ነበር የጠበቅኩሽ።"

"ልየው፣ እትዬ።"

"እዪው። ማየት ምን ይከለክላል? ክላሪኔቱን እንደሆነ ከባንዱ መጥተው የመንግሥት ንብረት ነው ብለው ወስደውበታል፤ ለሥራ ብቁ አይደለም የሚል ወረቀት ሰጥተው። ሳጥኑን እንኳ አልተዉለትም።" ክሩን በጥርሷ በጠሰችው። ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አደረገች፤ ቁጣው ጠፍቶበት ነበር። "ቅጂው መቼ ነው የሚወጣው? በየቀኑ ይጠይቀኛል። በሬዲዮ ሰማሽ ወይ ይለኛል። ሌላ የሚጠብቀው ነገር የለውም።"

ልጅቷ መጋረጃውን ገለጠች።

በሦስት ትራስ ተደግፎ ተቀምጦ ነበር። ፊቱ ቀጥኗል፤ ጆሮዎቹ ብቻ እንደ ድሮው ናቸው። ተመለከታት። አይቶ ዓይኑን አላዞረም።

"ዳኛዬ" አለ።

"አላነበብኩትም።"

"ምኑን?"

"የጻፍክልኝን። ዛሬ ነው ያነበብኩት። ሥራውን በቃሌ አጥንቼው ነበር።" እጇን የት እንደምታደርገው ጠፋት። "አንተን ለማየት ብዬ ነው ያጠናሁት።"

ነገሩ ቀስ ብሎ ነው የገባው፤ ሲገባው በፊቱ ላይ አየችው። ሳቀ። ሳቁ ሳል ሆነበት፤ ጎኑን ይዞ እስኪያልፍ ጠበቀ።

"ሦስት ወር ሙሉ" አለ፣ ድምፁ ሲመለስ። "ሦስት ወር ሙሉ፣ በሽታዬን አውቀሽ ነው ያላገጥሽብኝ እያልኩ..."

"እኔ ደግሞ አባቴን ፈራ እያልኩ።"

"ፈርቻቸው ነበር" አለ። "ግን ለእሳቸው ብዬ ትንፋሼን አልይዝም።"

ወንበር አልነበረም፤ የአልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የቅጂው ጥያቄ እንደሚመጣ ታውቃለች። መዋሸት ትችላለች። "በቅርቡ ነው" ብትለው ማን ይከሳታል? እህቱ ትመርቃታለች።

"ቅጂያችን ወጣ?" አላት።

"የለም።" ከዚያ ሳትቆም ጨረሰችው። "አጠፋሁት። በፊርማዬ። ሁሉንም። የሚወጣው ከሌላ ሰው ጋር የተጫወትኩት ነው።"

ከመጋረጃው ወዲያ የስፌት መኪናው ቀጥ አለ።

አስር አለቃ አልተቆጣም። ቢቆጣ በተሻላት። ሁለት እጆቹን ብርድ ልብሱ ላይ ዘርግቶ አያቸው፤ የሌላ ሰው ዕቃ አደራ የተቀመጠበት ይመስል።

"ጎበዝ ነው?" አለ በመጨረሻ።

"ጎበዝ ነው። ሲተነፍስ አይሰማም።"

"ታዲያ በምን ትገቢያለሽ?"

"በቁጥር።"

ራሱን ነቀነቀ። "ከእኔ ምንም አልቀረም?"

"ትንፋሽህ አለ" አለችው።

የስልኳን ማዳመጫ አንዱን በእሱ ጆሮ፣ ሌላውን በራሷ አደረገች። ገመዱ አጭር ስለነበር ጭንቅላታቸው ተነካካ። ትከሻው ከልብሱ ሥር እንደ እንጨት ሹል ነበር። ሰሙ። "ይቺ የመክፈቻዋ ናት" አለ። ቆይቶ "እዚህ ላይ ከንፈሬ ደርቆ ነበር" አለ። አንዱ ላይ ሲደርስ ዝም ብሎ ፈገግ አለ፤ እሷም ፈገግ ያለችው እሱ ላይ ነበር። አርባ አንድ ትንፋሽ። የሳሉ ተራ ሳይደርስ አጠፋችው።

"አሥራ ሁለት ዓመት ነፍቼ" አለ አስር አለቃ፣ "የቀረልኝ መሳቡ ብቻ ነው።"

ይቅር አላለም። እሷም አልጠየቀችውም። የሚጠየቅ ነገር አልነበረም።

"ይዘሻት መጥተሻል" አለ፣ ቼሎዋን በአገጩ እያሳየ። "ተጫወቺልኝ። ሁለተኛውን።"

እህትየው ሳይነግሯት የራሷን በርጩማ በመጋረጃው ሥር ገፋችላት፤ ፊቷን ግን አላሳየችም። ልጅቷ ወረቀቱን አልጋው ላይ፣ ከእግሩ ጎን ዘረጋችው። ሙዚቃውን በቃሏ ታውቀዋለች። ቢሆንም ዛሬ ዓይኗን ከወረቀቱ ላይ አላነሳችም። እያንዳንዷን የእርሳስ ቃል እያነበበች ሄደች።

የቼሎው ድምፅ በተንጠለጠሉት ልብሶች ተውጦ ወፍራምና ቅርብ ሆነ። የክላሪኔቱ ተራ በሚመጣባቸው ቦታዎች ሁሉ ሙዚቃው ግማሹ እንደፈረሰ ግድግዳ ነበር። ዝምታው መጣ። ደጋኗን አነሳች። ትከሻዋ በልማዱ የእሱን ትንፋሽ ጠበቀ። ከአልጋው በኩል ምንም አልመጣም፤ ጠባቧ፣ የምታፏጨው አየር ብቻ፣ እሷም በስስት።

አንድ። ሁለት። ሦስት። አራት።

ብቻዋን ገባች።

ከዚያ ሰማችው። ብርድ ልብሱ ላይ ለስለስ ያለ ኮቴ የመሰለ ነገር፤ ጠብ፣ ጠብ ጠብ። ጣቶቹ ናቸው። በሌለ ክላሪኔት ላይ ቀዳዳ እየደፈኑ፣ እየከፈቱ፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ ቀርተው፣ ቀጥሎ እየተጠጉ። በሦስተኛው መስመር ላይ ደረሱባት።

ቀና አላለችም። ቀና ብትል ታቆማለች፤ ብታቆም እነሱም ያቆማሉ። ዓይኗ በወረቀቱ ላይ ወረደ፣ ወረደ፤ የመጨረሻው መስመር ቀረበ። ሁልጊዜ የምትፈጥንበት ቦታ ይህ ነው። ከጎኑ ያ አሮጌ የእርሳስ ጽሑፍ፣ በጣት ተሻሽቶ ግማሽ የጠፋ፣ አሁንም ይነበባል። እዚህ ጋ አትሩጪ፣ ማንም አላባረረሽም።

አሁን የሚያባርር ነበር። ሁለቱም ያውቁታል። እሷ ግን አልሮጠችም።